ቢላዋ ያልነካው ዓሣ

«ይህን ወረቀት ውሰድና ለጥልያን መልስለት!» አሉ አያ ዓሊ፣ ልጁ ባፈና የዘረጋላቸውን ሊሬ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። አያ ዓሊ በጓንግ ወንዝ ሰው የሚያሻግሩ ባለጀልባ ናቸው።

«በፊት ገንዘብ ነበራ!» አለ ባፈና።

«በፊት ነዋ! ጥልያን ከመተማ ከወጣ ስምንት ወሩ። አሁን ትንባሆ መጠቅለያ ነው። ለአንድ ዙር፣ በሰው አንድ ጣሳ ማሽላ ብያለሁ። እናንተ ስድስት ናችሁ፤ ጣሳው ግን አምስት ነው።»

አየሁሽ ባፈና ላይ አፈጠጠች። ይህን ጉዞ ያሰናዳችው እሷ ናት። ትናንት ቀኑን ሙሉ የሰፈሩን ልጆች ቤት ለቤት እየዞረች ለምናለች። በመስከረም፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ፣ ከእናት እጅ አንድ ጣሳ ማሽላ ማውጣት ቀላል ነው እንዴ! ደግነቱ አያ ዓሊ ሳቁና መቅዘፊያውን ለባፈና ወረወሩለት።

«ስድስተኛውን ጣሳ በጉልበትህ ትከፍላለህ። ግባ!»

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ፣ በእንቁጣጣሽ ነው። የአየሁሽ የልብ ጓደኛ ኩብራ «እንኳን አደረሳችሁ» ልትል መጣች። ቤቱ በበግ ወጥ ሽታ ታውዷል። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም፤ የመተማ ልጅ ይህን ጡት ሳይጥል ያውቀዋል። ስለዚህ ኩብራ በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ቆሎዋን ቆርጥማ ሄደች። ዒድ ሲሆን ደግሞ ተራው የአየሁሽ ነው፤ ተምር ቀምሳ ትመለሳለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ጓደኛሞች ሲሆኑ አንድም ቀን ከአንድ ትሪ ሥጋ በልተው አያውቁም። አየሁሽን ይህ ያንገበግባታል። ያን ዕለት ማታ ግን አንድ ነገር ትዝ አላትና ከመደቡ ዘላ ተነሣች። ዓሣ አይታረድም!

እነሆ ቅዳሜ ጓንግ ላይ ናቸው። ወንዙ ገና ሙሉ ነው። ባፈና እየቀዘፈ ያቃስታል፣ ሌሎቹ መረቡን ይዘው ይጮኻሉ፣ አያ ዓሊ «ኧረ ቀስ! አዞውን ቀሰቀሳችሁት!» እያሉ ያስፈራሯቸዋል። መጀመሪያ የወጣው ክንድ የሚያህል አምባዛ ነበር። የኩብራ ታናሽ ወንድም ኢሳ በደስታ ሲዘል ጀልባዋን ሊገለብጣት ምንም አልቀረው።

«አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ እኛ ክርስቲያኖች አንበላውም» አለ ከልጆቹ አንዱ፣ ሰጠኝ።

ኢሳ ሊያለቅስ ሲል ኩብራ ተቆጣችውና አምባዛውን በገዛ እጇ ውሃ ውስጥ ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ቅጠልና ጭቃ፣ ጭቃና ቅጠል። በመጨረሻ መረቡ ከበደ። ስድስቱም ተረባርበው ጎተቱት፤ የወጣው ባለ ቅርፊት ነጭ ዓሣ ኢሳን ያህል ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። ወይ ጭፈራ! አየሁሽ እየሳቀች ኩብራን አቀፈቻት፤ ሁለቱም በጭቃ ተለወሱ።

ዳር ደርሰው እንጨት ሊለቅሙ ተበተኑ። አየሁሽ ቀና ስትል ባፈና ዓሣውን እንደ በግ አጋድሞ፣ በጉልበቱ ተጭኖ፣ ቢላዋ መዝዞ አየችው።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» አለ ድምፁን እንደ አባቱ አጎርንኖ። አንገቱንም ቆረጠው።

«አንተ! ምን አደረግህ?»

«ባረክሁታ! አባቴ በጉን እንዲህ አይደል...» ብሎ ሳይጨርስ ኩብራን አያትና ፊቱ ቀላ።

ኢሳ ዓሣውን ትኩር ብሎ አየው። «አሁን ክርስቲያን ሆነ ማለት ነው?»

ሁሉም ወደ አያ ዓሊ ዞሩ። አያ ዓሊ ጢማቸውን አከኩ። «ምንም አይል ይመስለኛል... ግን ወላሂ፣ እኔ ሼህ አይደለሁም። የማውቀው ጀልባ ነው።»

«እናንተ ብሉ» አለች ኩብራ ፈገግ ብላ። «እኔና ኢሳ ቆሎ ይዘናል። አልቀየምም፣ እውነቴን ነው።»

ያ ፈገግታ የአየሁሽን አንጀት በላው። አሁንም ቆሎ! «እትዬ የሻረግ ይህን በስድስት ጣሳ ይገዙናል። በማሽላው አንድ ዙር እንጨምራለን» አለች። እትዬ የሻረግ መሻገሪያው ላይ ጠላ የሚሸጡ ሴት ናቸው።

«አብደሻል?» ጮኸ ሰጠኝ። «ጀምበሯ አዘቀዘቀች እኮ! ባንይዝስ?»

«ባንይዝ ሁላችንም ቆሎ እንበላለን። ኩብራ ቅድም ለእኛ ብላ አምባዛውን ለቃ የለ?»

ባፈና ጎንበስ ብሎ ዓሣውን ትከሻው ላይ አደረገው። «ያረድሁትም እኔ፣ የምሸከመውም እኔ» አለ።

እትዬ የሻረግ ዓሣውን አይተው፣ «በስድስት ጣሳ ብቻ? ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉ። ይህን እያሉም ልጆቹ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ማሽላውን ቶሎ ቶሎ ሰፈሩ።

በሁለተኛው ዙር መረቡ ሦስት ጊዜ ባዶውን ወጣ። በአራተኛው አንዲት ቀረሶ የምትባል ባለ ቅርፊት ዓሣ ተያዘች። መዳፍ ታህላለች።

«ያን የሚያህል ዓሣ ሰጥተን ይችን?» አለ ሰጠኝ፤ ግን ራሱ ሳቁ አመለጠው፤ ሁሉም እስኪያማቸው ሳቁ። ባፈና እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ፣ «እኔ አልነካትም! ማንም ቢላዋ እንዳያወጣ!» ይላል።

ቀረሶዋን ፍም ላይ ጠበሷት። አያ ዓሊ «የእኔን ድርሻ በማሽላ ወስጃለሁ» ብለው ለስድስቱ በጣታቸው ቆራረሱላቸው። ለእያንዳንዱ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ደረሰችው።

ኩብራ የራሷን ለሁለት ከፈለቻትና ግማሿን ወደ አየሁሽ አፍ ዘረጋች። «እንቺ፣ በሞቴ!»

አየሁሽ ጎረሰች። ትኩስ ናት፣ ጭስ ጭስ ትላለች።

«አንድ ያጣላል» ብላ ኩብራ የቀረችውንም አጎረሰቻት። ከዚያ ባዶ እጇን አራግፋ ሳቀች።

አየሁሽ መዳፏ ላይ ያለችውን ድርሻዋን አየቻት። ቀኑን ሙሉ ሌላ እህል አልቀመሰችም። በሁለት ጣቷ አነሣቻትና፣ «አፍሽን ክፈቺ» አለች።