የዳኘው ደም፣ የመሪጌታ ማር

አልጣሽ የተጠቀለለችውን ወረቀት ከመምህር አድማሴ ባርኔጣ ውስጥ አውጥታ ስትዘረጋት አንዲት ቃል ብቻ አገኘችባት፤ «ዘር»። ሰባተኛ ክፍል በሙሉ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱም፣ «ዕጣውም አውቋታል» አለ።

በሰሌዳው ላይ የክርክሩ ርእስ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ «የሰው ጠባይ የሚመጣው ከዘር ነው ወይስ ከአስተዳደግ?» ክርክሩ ቅዳሜ በወላጆች ፊት ይካሄዳል። «አስተዳደግ» የሚለው ዕጣ የደረሰው ከእሷ ጋር አንድ ወንበር ለሚጋራው ለጓደኛዋ ለንብረት ነው።

የክፍሉ ሳቅ ምክንያት ነበረው። አልጣሽን የወለዳት ዳኘው የሚባል የማንኩሳ ገበሬ ነው፤ ቁጣው እስከ ቡሬ የተሰማ፣ በመጨረሻም በድንበር ጠብ የሞተ። እናቷም በወሊድ ሞታ ስለነበር ሕፃኗ በሁለት ዓመቷ ያለ ወላጅ ቀረች። ያን ጊዜ ልጅ ያልነበራቸው የፍኖተ ሰላሙ የቅኔ መምህር መሪጌታ ክንፈሚካኤል ሽማግሌ ሰብስበው፣ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንደ ጡት አጠቧት። በአገሩ ወግ የጡት ልጃቸው ሆነች።

ሰፈሩ ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ ለእሷ ሁለት መስፈሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ገንቦ ከሰበረች «የዳኘው ደም ነው»። ለአሮጊት እንጨት ከተሸከመች «የመሪጌታ ማር ነው»። አንድ ጊዜ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ስትወጣ ግን ሰፈሩ ተቸገረ፤ ዳኘውም መሪጌታም በሒሳብ አይታሙም። ኋላ አንዲት ጎረቤት፣ ዳኘው የመታቸውን ሰዎች ቁጥር አንድም ቀን ተሳስቶ እንደማያውቅ አስታወሰችና ነገሩ ተቃለለ። እንዲህ እየተከፋፈለ ለራሷ ለአልጣሽ የተረፈላት ነገር አልነበረም።

በእረፍት ሰዓት ንብረት ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ ጠራት።

«እንቀያየር» አላት በሹክሹክታ። «አስተዳደግን አንቺ ያዢ። ስለ መሪጌታ ሁለት ዓረፍተ ነገር ካልሽ አበቃ፣ ታሸንፊኛለሽ።»

አልጣሽ ወረቀቷን በእጇ ጨበጠች። ልቧ «ተቀየሪ» ይላታል። ግን ከአሁን በኋላ ቀላል ነገር ሁሉ ሲቀርብላት ልትቀበል ነው? ዕጣ ዕጣ ነው አለችው። አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ በክርክሩ ስሟን እንዳያነሳ። ንብረት በጣቶቹ መስቀል ሠርቶ ማለላት።

ጎጃም ደግሞ ክርክር ሲባል የሚያውቀው ችሎት ነው። ወሬው በሐሙስ ገበያ በኩል ማንኩሳ ሲደርስ መልኩን ቀይሮ ነበር። የዳኘው ታላቅ ወንድም አያ ክንዱ የሰሙት፣ በፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ሦስት ዳኞች ተሰይመው «ደም ይበልጣል ወይስ ማሳደግ» የሚል ሙግት እንደሚታይ፣ የምትሟገተውም ራሷ አልጣሽ እንደሆነች ነው። አያ ክንዱ የወንድማቸውን ልጅ ወደ ቤታቸው ለመመለስ ዓመታት ሲመኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሁለት ምስክሮች ቆጠሩና ዓርብ ለመሪጌታ መልእክት ሰደዱ፤ በነገው ችሎት እቀርባለሁ፤ ደም ከረታ ልጄን ይዤ እገባለሁ።

መሪጌታ መልእክቱን ሰምተው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ዕድሜው አጭር ነበር። አልጣሽ አየችው።

«አባዬ፣ ልሸነፍ?» አለቻቸው። «ሁለት ሦስት ቦታ ብደናቀፍ ማንም አያውቅብኝም።»

«እኔ አውቃለሁ» አሏት። «የያዝሽውን ወገን አጥብቀሽ ያዢ። ማር ያላስኩሽ ልጅ እንድትሆኚኝ ነው እንጂ በገመድ ላስርሽ አይደለም።»

ከዚያ ያልጠየቀቻቸውን ነገር ነገሯት። ዳኘው የሞተበት ድንበር የራሱ አልነበረም። የአንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ነበር። ባለጉልበቶች መሬቷን ሲገፉባት ሌላው ገበሬ አላየሁም ሲል፣ ዳኘው ብቻውን ሄዶ ከድንበሩ ላይ ቆመ።

«ቁጣውን ሰው ሁሉ ይነግርሻል» አሉ መሪጌታ። «ስለ ምን እንደተቆጣ የሚነግርሽ ግን አላገኘሽም። የዘርን ወገን ከያዝሽ ይህን ሳታውቂ መሟገት የለብሽም።»

አልጣሽ አየቻቸው፤ ለነገ የሚያስፈልጋትን ጦር ሹል አድርገው እያቀበሏት ነው፤ ጦሩ የሚያነጣጥረው ደግሞ በእሳቸው ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። አያ ክንዱ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ምስክሮቻቸውን ከግራና ከቀኝ አስከትለው ገቡ። ፍኖተ ሰላምን እስከ ዛሬም በድሮ ስሟ ወጀት እያሉ ነው የሚጠሯት። ከፊት በስተቀኝ ተቀመጡ። መሪጌታ በስተግራ ነበሩ። ሦስት መምህራን የዳኝነቱን ወንበር ሲይዙ አያ ክንዱ ብድግ ብለው እጅ ነሱ፤ ቀሪው ወላጅም ነገሩ እንደዚያ ነው ብሎ ተከትሏቸው ተነሳ። መምህር አድማሴ ግራ ገባቸው።

አልጣሽ ጀመረች። «የቡሬን በርበሬ ዘር ወስዳችሁ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብትዘሩት፣ ቅዳሴ ሰምቶ ጎመን አይሆንም» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሪጌታ እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ንብረትም የዋዛ አልነበረም፤ ከአንዲት ላም ከተወለዱ ሁለት ጥጆች፣ በእጅ እየጎረሰ ያደገው ሰውን ሲልስ፣ በዱላ ያደገው ሰውን ይወጋል ብሎ አስጨበጨበ። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን አልጣሽ ያነሳችበትን ጥያቄ መመለስ አቃተው። ላብ አጠመቀው። ፊት ለፊቱ አባቱ ተቀምጠዋል።

«ማስረጃ ከፈለጋችሁ» አለ ድንገት፣ ጣቱን እየቀሰረ፣ «ራሷ አልጣሽ ናት። የዳኘው ልጅ ናት። መሪጌታ ባያሳድጓት ኖሮ ዛሬ የምትከራከረው በአፏ ሳይሆን በዱላ ነበር።»

ሰው ሳቀ። አልጣሽ ጆሮዋ ጋለ። ማንም ሳያስተምራት እጆቿ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርደው ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ከማንኩሳ ከመጡት ምስክሮች አንዱ ይህን ሲያይ «ዳኘው ራሱ!» ብሎ አማተበ።

ያን ጊዜ ወጥመዱ ታያት። ብትጮህ ደሟ ነው ይባላል፤ የራሷ ወገን ያሸንፋል። ዝም ብትል ማሩ ነው ይባላል፤ ንብረት ያሸንፋል። አዳራሹ በሙሉ አንገቱን አስግጎ የቱን እንደምትመርጥ ይጠብቃል። ወደ ንብረት አንድ እርምጃ ሄደች። እሱም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ተናድጃለሁ» አለች፤ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይሰማል። «በጣም ተናድጃለሁ። ይህን ከአባቴ ከዳኘው ወርሼው ይሆናል። ዳኘው የሞተው ግን በሌላ ሰው ድንበር ላይ ነው፤ ለተገፋች ሴት ተቆጥቶ። እናንተ ስትስቁ የኖራችሁት በቁጣው ነው፤ ስለ ምን እንደተቆጣ የጠየቀ ሰው አላየሁም። እኔም እስከ ትናንት አልጠየቅኩም። ይህ በዘር የሚወረስ ከሆነ አላፍርበትም። ዕጣዬ ዘር ነው፤ አልለውጠውም።»

ትንፋሽዋን ሰበሰበች።

«ይህን የነገሩኝ ደግሞ ያሳደጉኝ አባቴ ናቸው። እኔ ካሸነፍኩ እሳቸው እንደሚጎዱ እያወቁ ነው የነገሩኝ። እንግዲህ ደሙን ከማሩ የሚለይ ሰው ካለ ይነሳና ይለይልኝ። ተናድጄም ሳልማታ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

የተነሳ ሰው አልነበረም። አያ ክንዱ ምስክሮቻቸውን በክርናቸው እየጎሸሙ፣ ሰማችሁ ወይ፣ የወንድሜ ልጅ እኮ ናት ይላሉ።

ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለአልጣሽ ፈረዱ። ጭብጨባው ሳይበርድ አያ ክንዱ ተነሱ።

«እግዜር ይስጥልን፤ ፍርድ ተሰጥቷል። ደም ረትቷል። በአፏም መስክራለች። ልጄን ይዤ እሄዳለሁ» አሉ።

መምህር አድማሴ እየሮጡ መጥተው ይህ ለትምህርት ያህል የተደረገ እንጂ ችሎት አለመሆኑን ለማስረዳት ሞከሩ። አያ ክንዱ በትዕግሥት ሰሟቸውና፣ ታዲያ ዳኛው ለምን ተቀመጠ ብለው ጠየቁ። መሪጌታ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም፤ ልጅቷን ብቻ ያያሉ። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

አልጣሽ ከወገቧ ነጠላዋን ፈታች። መልሳ በወግ ተከናነበችው። ወደ አያ ክንዱ ቀርባ ጉልበታቸውን ሳመች።

«አያ» አለቻቸው፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ፀሐይ ሳይበረታብዎ ልሸኝዎ።»

የሚሸኝ ባለቤት ነው፤ የሚሸኘውም እንግዳ። ይህን ከልጅ እስከ ሽማግሌ የማያውቅ አልነበረም፤ አያ ክንዱም ያውቁታል። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ጢማቸው ሥር ፈገግታ ብቅ አለ።

«ዳኘው እንዲህ ያለ ለስላሳ አፍ አልነበረውም» አሉ፤ ወደ መሪጌታም ዞረው፣ «ይህን ያስተማሯት አንቱ ነዎት» ሲሉ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። መሪጌታም ከመቀመጫቸው ተነስተው አጸፋውን መለሱ።

በር ላይ ንብረት አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። ሰኞ ትነግረኛለህ አለችውና አለፈች፤ አሁን የቸኮለችው ለሌላ ነገር ነው።

እስከ ድልድዩ ድረስ ከአያ ክንዱ ጎን ሄደች። ምስክሮቹ ወደፊት ቀድመዋል። አያ ክንዱ ስለ ሰብሉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አንድ እምቢተኛ በሬያቸው አወሩላት። ድልድዩ ላይ ቆሙ።

«አንድ ቀን እንኳ አትመጪም?» አሏት፤ አሁን እንደ ከሳሽ አልነበሩም።

«ለፋሲካ እመጣለሁ» አለች። «ድንበሩን ያሳዩኛል።»

አያ ክንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ማንኩሳ መንገድ ያዙ። አልጣሽ ከዓይኗ እስኪሰወሩ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰች። ለመሪጌታ የምትነግራቸውን ቃል በመንገድ ላይ እያነሳች ትጥላለች፤ ወደ ማንኩሳ አብረዋት እንዲሄዱ ልትጠይቃቸው ነው።