የምስል ወጌሻ

ከሴሬስ የሚመጣ ፊት ሁሉ ተሰብሮ ነው የሚደርሰው። የአንዱ ግራ ዓይን ይጎድላል፤ የሌላው አገጭ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የአንዳንዱ ደግሞ ድምፁ ቀድሞ አፉ በኋላ ይመጣል። ትርሲት በጉና ተራራ መቀበያ ጣቢያ ጠዋት እንደገባች፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ መጀመሪያ የምትሠራው እነዚህን ፊቶች ማየት ነው። ቤተሰብ ከማየቱ በፊት እሷ ታያቸዋለች።

ሴሬስ በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞር ትንሽ ዓለም ናት። የእኛ ልጆች እዚያ በረዶ ይቆፍራሉ፤ በረዶው ውሃ፣ ውሃው የመርከብ ነዳጅ ይሆናል። የቪዲዮ ደብዳቤያቸው በትንንሽ ቁራጮች ተከፋፍሎ ይላካል፤ ፀሐይ ባስነጠሰች ቁጥር ግን ግማሹ ይጠፋል። የጠፋውን ድገሙልን ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን መስመሩ ጠባብ፣ ተራ የሚጠብቀው ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ የጎደለውን የሚሞላ ፕሮግራም አለ። ከጎኑ የደረሱትን ቁራጮችና ያለፈውን ምስል አይቶ፣ እዚህ ጋ ጉንጭ መኖር አለበት ብሎ ጉንጭ ያስቀምጣል። የጣቢያው ሰዎች ወጌሻው ይሉታል፤ የተሰበረውን አሽቶ ወደ ቦታው ስለሚመልስ።

ወጌሻም አንዳንዴ እጁ ይስታል። አንድ ጊዜ ለአንዲት ቆፋሪ ከኋላዋ የቆመውን ሰው ጢም አድርጎላት ባሏ ሊያብድ ደርሶ ነበር። ሌላ ጊዜ የጓደኛውን አደጋ በሚናገር ሰው አፍ ላይ ያለፈውን ሳምንት ሳቅ ለጠፈበት። ትርሲት የተቀጠረችው ለዚህ ነው። አንድ ቁልፍ ስትጫን ወጌሻው በግምት የሞላው ቦታ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይታያታል። ቢጫው ዓይንና አፍ ላይ ከበዛ ደብዳቤው ይመለሳል፤ ግድግዳና ትከሻ ላይ ከሆነ ያልፋል። ቤተሰብ ቢጫውን አያይም። ማየትም አይፈልግም።

ከቆፋሪዎቹ አንዱ ወንድሟ ገረመው ነበር። የእሱን ደብዳቤ የምታሳልፈው ራሷ ናት፤ ደንቡ አይፈቅድም፤ ወጌሻውን የሠሩት የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ታፈረ ግን አይተው እንዳላዩ ያልፏት ነበር።

እናታቸው በታኅሣሥ ሞተች። ከቀብር መልስ ለገረመው እንዴት ይነገረው የሚል ክርክር ተነሣና አጎታቸው አቶ ውብሸት በአንድ ቃል ዘጉት።

“መርዶ በስክሪን አይነገርም” አሉ። “ሲወድቅ ማን ይይዘዋል? ማን አይዞህ ይለዋል? ሥራውን ጨርሶ ይምጣና ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ቆመን እንደ ወጉ እናረዳዋለን። እስከዚያው ሆድ ይፍጀው።”

ትርሲት ቅር አላት፤ ግን የአጎት ቃል ነውና ታዘዘች። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ በቀረጸች ቁጥር ከሏን አውልቃ፣ ጉትቻዋን አድርጋ፣ “እማማ ጠበል ገብታለች” ትለው ጀመር። ገረመው “ድምጿን እንኳ አሰሙኝ” ብሎ ሲለምን የመስመሩ ብልሽት ደረሰላት። “እሷ የተናገረችው መንገድ ላይ ተሰብሮ ይሆናል” አለችው። መስመር አፍ የለው፤ ማን ይጠይቀዋል?

እሱም በደብዳቤው ሁሉ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ” ይላል። ጉንጩ ሞላ ብሎ ይታያል፤ ድምፁም ወፈር ብሏል። “ምግቡ ተስማምቶታል” እያሉ አቶ ውብሸት ይስቁ ነበር።

በሐምሌ ከካምፑ አጭር ጽሑፍ መጣ። ገረመው ሞቷል። ከበረዶው ጋር የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሳንባውን መብላት ከጀመረ ብዙ ወራት አልፈው ነበር። በመጋቢት ወደ ምድር በተመለሰችው መርከብ ላይ ለበሽተኛ የሚሆን አልጋ ነበር፤ አልተሳፈረም።

ለቅሶው ቤት የገባ ሁሉ አንድ ነገር ጠየቀ። ወራት ሙሉ የታመመ ሰው ጉንጩ እንዴት ይሞላል? መልሱን ለማግኘት ማንም አልተቸገረም። ወጌሻው ነው! የአምናውን ጉንጭ በዘንድሮው ላይ ለጥፎበት ነው! መክሳቱን ቢያዩ ኖሮ ለምነው፣ ተቆጥተው፣ በመርከቧ ያሳፍሩት አልነበር? ወሬው ሌሎቹ ቤተሰቦች ጋ ደረሰና የጣቢያው በር በሰው ተሞላ። የእኛስ ልጆች በሕይወት አሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ የጣቢያው ዘበኛ እንዴት ይመልሰው?

ከሁሉም በላይ ግን ያመነችው ትርሲት ነበረች፤ ማመን ነበረባት። እነዚያን ምስሎች ደህና ናቸው ብላ ያሳለፈችው እሷ ናት። ጉንጩ ላይ ቢጫ ያየችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ቢጫውም አብሮ ይዋሽ እንደነበረ አሰበች። ማሽኑ ከዋሸ እሷ ተታለለች እንጂ አልበደለችም። እንዲህ እንዲሆን ከልቧ ፈለገች።

“የእርስዎ ወጌሻ ነው ወንድሜን የበላብኝ” አለቻቸው ጋሽ ታፈረን።

አልተከራከሩም። “ሊሆን ይችላል፣ ልጄ” አሉ። “ዋናውን እናስመጣና እንየው። ቀረጻው ካሜራው ከተከፈተበት ጀምሮ ሳይቆረጥ ካምፑ ውስጥ ይቀመጣል። እያንዳንዱን ቁራጭ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ይደጋግሙልን። ወጌሻው አይነካውም።”

ገረመው በመጋቢት፣ መርከቧ ልትነሣ ስትል የላከው ደብዳቤ ተመረጠ። የሌሎቹ ቤተሰቦች ተራ በሙሉ ለዚህ ተሰጠ፤ በር ላይ የቆመው ሰው እሺ ብሎ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይኸኛው በቁርጥራጭ ነበር የሚጠራው። ክረምቱን ሙሉ መጀመሪያ የግድግዳ ጥግ፣ ቀጥሎ እጅጌ፣ ከዚያ ግማሽ ግንባር እየመጣ ሲጠራቀም ቆየ።

ሲሞላ ትርሲት፣ ጋሽ ታፈረና አቶ ውብሸት አብረው ተቀመጡ።

ገረመው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ልብሱ እንጂ ሰውየው የተቀመጠ አይመስልም። ምንትዋብ የምትባል የሥራ ባልደረባው ጥጥ እየጠቀለለች ትሰጠዋለች፤ እሱ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ጉንጩ ውስጥ ይወትፋል። ከሸሚዙ ሥር ፎጣ አጥፋ አስገባችለት። ፊቱን ቅባት ቀባችው።

“እባክህ ንገራቸውና ሂድ” አለችው። “መርከቧ ነገ ትነሣለች።”

“በበሽተኛ አልጋ የሚመለስ ሰው ስሙ አስቀድሞ ለቤተሰብ ይነገራል” አላት፤ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀ። “እናቴ ልቧ ደካማ ነው። ይኼን ከሰማች አትተርፍም። እሷ ባትኖር ኖሮ ዛሬውኑ በተሳፈርኩ።”

ከዚያ ጎኑን ለመብራቱ ሰጥቶ ፈገግ አለ። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እማማን ሳሙልኝ።”

ትርሲት በመጋቢት ያሳለፈችውን ምስል ከጎኑ ከፍታ ቁልፉን ተጫነች። ቢጫው ግድግዳውንና ግራ ጆሮውን ሸፍኗል። ጉንጩ ላይ አንዲት ነጥብ ቢጫ የለም። ወጌሻው ጥጡን ልክ እንደነበረ ነው ያደረሰው።

አቶ ውብሸት በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያ ቀና አሉ። “ይኼ ነገር ከዚህ ክፍል አይውጣ” አሉ። “ማሽኑ ነው እንበል።”

“ይበሉ” አሉ ጋሽ ታፈረ፤ ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ሥራ ላለማየት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። “ማሽን አይቀየምም።”

“ጋሼ ውብሸት፣ እኛ ነን” አለች ትርሲት። “በታኅሣሥ ብንነግረው በመጋቢት ይሳፈር ነበር።”

በሩ ላይ ለቆመው ሰው ወጥታ ሁሉንም ተናገረች፤ የእናቷን ሞት፣ ጠበሉን፣ ጥጡን፣ ምንም ሳታስቀር። አንዳንዶቹ አለቀሱላት። አልቅሰው ሲጨርሱ አንድ አባት “የእኔ ልጅ ግን አይዋሸኝም” አለ። ሌላውም፣ ሌላዋም ይህንኑ አሉ። ሌባ ፍለጋ የመጣ ሰው ሌባው ቤትህ ነው ሲሉት ደስ አይለውም። ማሽኑ ይዘጋ ተባለ፤ ተዘጋም። ጋሽ ታፈረ በራሳቸው እጅ ዘጉትና ጡረታ ወጡ።

ከመስከረም ጀምሮ ፊቶቹ እንደተሰበሩ ለቤተሰብ ይደርሳሉ። አንድ ቀን፣ ያኔ በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱላት ከነበሩት አንዷ፣ ወይዘሮ አመለወርቅ፣ የልጃቸውን ደብዳቤ ሊያዩ መጡ። ከልጁ ፊት የደረሰው ግንባሩና አንድ ዓይኑ ነው፤ ከአፍንጫው በታች ባዶ ነበር። ወይዘሮ አመለወርቅ ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳበሱት።

“ወፍሯል፣ ተመስገን” አሉ።

ትርሲት ምስሉን ደግማ አየችው። የሚወፍር ጉንጭ አልነበረበትም።

ቀጥሎ መልሳቸውን መቅረጽ ነበረባት። ሴትየዋ ጥቁር ነጠላቸውን ገፈፉና ከቦርሳ ነጭ አውጥተው ለበሱ። ባላቸው በነሐሴ አርፈዋል፤ ትርሲትም ቀብሩ ላይ ነበረች።

“እትዬ፣ ይንገሩት” አለቻቸው። “የእኔን ወንድም ነገር ሰምተዋል እኮ።”

“ሰምቻለሁ፤ አልቅሼልሻለሁም” አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። “የእኔው ግን ይኼን አይችለውም። ሆደ ባሻ ነው። በይ አንሺኝ።”

ልጁን አስባ እምቢ ልትል ነበር። ሴትየዋ ጥቁሩን ነጠላ አጣጥፈው ወንበሩ ሥር ሲደብቁ አየችና ካሜራውን ከፈተችው። ወይዘሮ አመለወርቅ ፈገግ አሉ። “አባትህ ደህና ነው፣ የእኔ ጌታ። ገጠር ወርዶ ነው እንጂ ሰላም ይልህ ነበር” አሉ።

ያን ቀን ፀሐይ ጸጥ ብላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ካምፑ፣ ደብዳቤው አንድም ቁራጭ ሳይጎድልበት መድረሱን አስታወቀ።