ሐጂ ዩሱፍ ቆልፈውብኝ የሄዱ ዕለት

የጂን ወሬ ሲነሳ ሰበብ ፈልጌ ከክፍሉ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ እንኳ «አንቺ ከኮምፒዩተር በቀር የምታምኚው ነገር የለሽም» እያለች ትዘልፈኛለች፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ተረት አምሮኝ እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ እዚሁ ጅቡቲ፣ አርሂባ ሰፈር ውስጥ ነው።

ሐጂ ዩሱፍ የእናቴ የሩቅ ዘመድ ናቸው፣ ከአገር ቤት የሚመጡ ሴቶችን በቤት ሠራተኝነት የሚያስቀጥሩ ደላላ ቢጤ፣ ቢሯቸውም የብረት መዝጊያ ያላት፣ ከኋላዋ መጸዳጃ ቤት ያላት አንዲት ክፍል ናት። ሴቶቹ ከተቀጠሩበት ቤት ሆነው በስልካቸው የሚገቡበት ድረ ገጽ አሠርተው ነበር፣ እሱም የሚኖረው እዚያው ቢሮ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ነው። አንዱ ገጽ «ደህና ነኝ» የሚል ቁልፍ አለው፣ ሌላው «እርዳታ እፈልጋለሁ» ይላል፣ ይሄ ሁለተኛው ታዲያ ከተሠራ ጀምሮ ቀይ የስህተት ጽሑፍ እያወጣ ማንም ሳይነካው ኖሯል። «አቦ ዘይነባ፣ ያቺን ቀይ ነገር አጥፊልኝ፣ ደንበኛ ሲያያት ታሳፍራለች» አሉኝ፣ መልእክታቸው ሳይደርስ ስለቀረ ሴቶች አንድም ቃል አልተነፈሱም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅኩም።

እዚህ ከተማ ጫት ከገባ በኋላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ሲሆን ሐጂ ፌስታላቸውን ይዘው ተነሱ።

«ቆልፌብሽ ልሂድ፣ መንገዱ ጭር ሲል ሌባ አይታመንም፣ አሥር ሰዓት እመጣለሁ።»

«እንዴ ሐጂ፣ መውጣት ብፈልግስ?»

«በዚህ ሙቀት ወዴት ልትሄጂ?» ብለው ሳቁና መዝጊያውን ከውጭ ቁልቁል ጎተቱት፣ ቁልፉ ቋ አለ።

ስህተቱ ቀላል ነበር። አንድ ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ኮምፒዩተሩ ማንነቱን የሚይዝበት ማስታወሻ አለ፣ እኛ ሴሽን እንለዋለን፣ ይሄ ገጽ ግን ማስታወሻውን ሳይከፍት ስሙን ከውስጡ ሊያነብ ይሞክራል፣ የመክፈቻው መስመር ከማንበቢያው በታች ተጽፎ ነበር፣ የቸኮለ ሰው ሥራ። ወደ ላይ አወጣሁት፣ «ሙከራ» በሚል ስም ገባሁ፣ ገጹን ከፈትኩ። «ሉባባ፣ ምን እንርዳሽ?» አለኝ፣ ከሥሩም ባዶ የመጻፊያ ሳጥን።

የቆየ ማስታወሻ ይሆናል ብዬ የሴቶቹን መዝገብ አየሁ፣ ሉባባ ራስ ዲካ ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥራ ነበር፣ ከስሟ ፊት ለፊት «ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አገሯ ተመልሳለች» ይላል፣ ማስታወሻዋ ግን ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው አሁን ነው፣ ደግሜ ሳየው እንደገና አሁን። ሃያ ደቂቃ ያልተነካ ማስታወሻ በራሱ ይጠፋል፣ ስለዚህ የሚነካው ሰው አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ መብራት ሄደ፣ ማቀዝቀዣው ዝም አለ፣ ኮምፒዩተሩ በባትሪ ሲቀር ኢንተርኔቱም ተቋረጠ፣ ይሁን ብዬ የኢንተርኔቱን ገመድ ራሱን ነቀልኩት፣ እመኑኝ በእጄ ይዤው ነበር፣ ማስታወሻዋ የተነካበት ሰዓት ግን መታደሱን ቀጠለ።

ከዚያ መንኳኳቱ መጣ። ቀስ ያለ ነው፣ በጣት አንጓ፣ ሰዓቱ በታደሰ ቁጥር አንዴ። ከመዝጊያው መስሎኝ «ማነው?» ብዬ ተደፍቼ ከሥር ባለችው ክፍተት አየሁ፣ ፀሐይ ብቻ፣ እግር የለም። ሐጂ ጋ ብደውል አያነሱም፣ በጫት ሰዓት ማን ያነሳል፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ቆሜ ሳዳምጥ ነው ድምፁ ከጀርባዬ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር እንደሚመጣ የገባኝ፣ ያውም ከውስጥ በኩል፣ እንደ እኔው የተቆለፈበት ሰው እንደሚያንኳኳው። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ፣ በሩን መክፈት ሲገባኝ ወደ ኮምፒዩተሩ ሮጬ የሉባባን ማስታወሻ አጠፋሁት። መንኳኳቱ ቀጥ አለ።

ሐጂ የመጡት አሥር ሰዓት አልፎ ነው። መጸዳጃ ቤቱን አስከፈትኳቸው፣ ባዶ ነበር።

«ሐጂ፣ ሉባባ ማናት?»

«አገሯ ገብታለች።»

«ማን ነገረዎት?»

«አሠሪዎቿ ናቸዋ።»

«እሷን ራሷን አናግረዋታል?»

ጫታቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩና ቀይዋ ነገር መጥፋቷን ጠየቁኝ።

ጠፍታለች፣ ገጹ ዛሬ ያለ እንከን ይሠራል። ራስ ዲካ ያለውንም ቤት ፈልጌ ሄጃለሁ፣ ዘበኛው «ሰዎቹ ከለቀቁ ቆይተዋል፣ ስለ ሠራተኛ የማውቀው የለም» አለኝ። ነገሩን ሳስበው የሚያንገበግበኝ አንድ ነው፣ ያ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጠርቶ ምን እንርዳሽ ሲላት፣ ሳጥኑ ተከፍቶላት ሳለ፣ አንዲት ፊደል ሳትጽፍ ያጠፋኋት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ መጸዳጃ ቤት ስገባ በሩን አልዘጋም።