«በቃኝ» ያሉት እንግዳ

ትርሲት የስምንት ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። እናቷ ፅጌ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት አላት።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቷ ፍሬው አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ጋሼ መኩሪያ ይባላሉ። ከኢትዮጵያ ከመጡ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነው፤ ሎንግ ቢች ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። ፍሬው በሩ ላይ አወረዳቸውና መኪናውን ፓርክ ሊያደርግ ሄደ። እሑድ በዚያ መንገድ ቦታ ማግኘት እንዴት እንደሆነ፣ ልጆች፣ ታውቁታላችሁ።

ምግብ ቤቱ ሞልቷል። እናቷ ዶሮ ወጥ በትሪ አቀረበችና፣ «ትርሲትዬ፣ አባትሽ እስኪመጣ እንግዳችንን ደህና አድርገሽ ጋብዢልኝ» ብላ ወደ ማዕድ ቤት ተመለሰች።

ሁለቱ እጃቸውን ታጥበው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። እናንተም ሳትታጠቡ አትቀርቡም፣ አይደል? ፀሐይዋ በመጋረጃው ሾልካ ትሪውን ወርቅ አስመሰለችው። ትርሲት ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ስታየው እንጀራው ሰፊ አገር ሆነ። ወጡ ቀይ ሐይቅ ሆነ። እንቁላሉ ከሐይቁ ብቅ ያለች ጨረቃ መሰለ። ጨረቃዋ ግን በጋሼ መኩሪያ በኩል ናት።

ጋሼ መኩሪያ ጸልየው ሁለት ጊዜ ጎረሱና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ» አለች ትርሲት።

«በቃኝ ልጄ፣ ተባረኪ።»

«ኦኬ» አለች።

ትምህርት ቤት፣ አልፈልግም ያለን ሰው ማስገደድ ነውር ነው ተብላ ተምራለች። መልካም ትምህርት ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። እውነቱን ለመናገር ግን ልቧ ጨረቃዋ ላይ ነበር። ሁለት ጣቶቿ መኪና ሆኑ። በፍሪዌይ እንደሚበር መኪና አገሩን አቋርጠው ሐይቁ ዳር ደረሱ። ጨረቃዋን ጫኑ። ተመልሰው ደግሞ ሥጋውን ጫኑ። ጋሼ መኩሪያ ፈገግ ብለው አዩዋት። ሐይቁ ደረቀ።

ሽማግሌው ወንበሩን ተደግፈው በፀሐይዋ ሙቀት አንቀላፉ። ትርሲት እያየቻቸው እጃቸው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ጣቶቻቸው ባዶ አየር ጠቀለሉ። ወደ አፋቸው ወሰዱት። አላመጡ። ደግመው ጠቀለሉ። በሕልማቸው እየበሉ ነበር።

ትርሲት ደነገጠች። ሮጣ የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

«እማዬ፣ በቃኝ ያለ ሰው እንዴት በሕልሙ ይበላል?»

እናቷ ጭልፋዋን አስቀመጠች። «ስንቴ ለመንሻቸው?»

«አንዴ።»

«ወይ ልጄ! ለቅዳሴ ብለው ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ትልቅ ሰው መጀመሪያ በቃኝ የሚለው ይሉኝታ ይዞት ነው እኮ።»

«እንቁላሉንም የበላሁት እኔ ነኝ» አለች ትርሲት። ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እናቷ አልተቆጣቻትም። ሌላ ትሪ ከነጨረቃዋ አስያዘቻት።

ጋሼ መኩሪያ ነቁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከፊትዎ የነበረውን ሁሉ በላሁት። አሁን ይብሉ።»

«በቃኝ ልጄ፣ አንቺ ብይ።»

«ኦኬ» ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች። ዋጠቻት።

«ይብሉ እንጂ ጋሼ!»

«ጠግቤአለሁ ስልሽ።»

ሦስተኛውን ልመና ከየት ታምጣው? እናቷ እንግዳ ስትለምን የምትለው ትዝ አላት።

«አፈር ስሆን!» ብላ ጮኸች።

ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አያት። ጋሼ መኩሪያ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ኧረ አንቺስ አፈር አትሁኚብን! እበላለሁ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ቀስ ብለው፣ ደህና አድርገው በሉ። ትርሲት ከፊቷ ብቻ እየቆረሰች፣ እሳቸው እስኪጠግቡ እጇን ሳታነሳ አብራቸው ቆየች። ፍሬው መኪናውን አቁሞ ሲገባ ጨረቃዋ ለሁለት ተከፍላለች። ግማሿ ትርሲት አፍ ውስጥ ናት፤ ጋሼ ናቸው ያጎረሷት።

ልጆች፣ ማዕድ ስትቀርቡ ከፊታችሁ ብሉ፤ እንግዳችሁንም «በቃኝ» ቢል እንኳ ደግማችሁ ለምኑት።