ሲሚንቶ የማይስማማት ሴትዮ

እኔ ዛር፣ ሰላቢ፣ ጥላ ወጊ ምናምን የሚባለውን ነገር ሁሉ የማላምን ሰው ነኝ፣ ይህንን ሰፈሬም ቤተሰቤም ያውቃል፣ እናቴ ጠበል ስትወስደኝ እንኳ ከውሃው ቅዝቃዜ በቀር የተሰማኝ ነገር የለም ብዬ የምከራከር ነበርኩ። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ስትሰሙ ይሄም ሰውዬ ጀመረው እንዳትሉኝ። ሌሊት ሆኖ ቢሆን ኖሮ ህልም ነው ብዬ እተወው ነበር፣ የሆነው ግን እመኑኝ በጠዋት፣ ቁርሴን በልቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ በደንብ ነቅቼ ነው።

ሥራዬ ሐውልት መሥራት ነው። አዘዞ አንዲት ወርክሾፕ አለችኝ፣ ብረት አስራለሁ፣ ሲሚንቶ አቦካለሁ፣ ሆቴል በር ላይ የሚቆም ዋልያም ይሁን ትምህርት ቤት ግቢ የሚቀመጥ መጽሐፍ ያዘዙኝን እሠራለሁ። ስሜ ጥሩ ነበር፣ ጎንደር አራዳ አንድ አዳራሽ በር ላይ አንበሳ እስካቆምኩ ድረስ። የምረቃው ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ ከሕዝቡ መሀል አንዲት ሴትዮ "ውይ፣ በጉ ሲያምር" አለች፣ በቃ፣ አለቀልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለበጉ ነው ስሜ፣ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ረዳቱ ለፋሲካ ስንት ትለዋለህ ይለኛል። ሳቁ፣ ምን ቸገራችሁ፣ እኔም ሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እስቅ ነበር፣ ግን ዐሥራ አምስት ዓመት የለፋሁበትን ስም አንድ በግ በላው፣ ይህ ደግሞ ያማል።

እንዲህ አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ ነው ሰላም የምትባል የማውቃት ሠዓሊ የደወለችልኝ። ከዳባት ወጣ ብሎ ደጋው ላይ ሬዚደንሲ አዘጋጅታለች፣ ማለትም አራት አርቲስቶች አንድ ገጠር ቤት ሦስት ሳምንት ተቀምጠን፣ እየበላን እየጠጣን፣ ከአካባቢው በሚገኝ ነገር ብቻ ሥራ እንሠራለን። ሲሚንቶ የለም፣ ቀለም የለም፣ ፕላስቲክ የለም፣ ከአፈር የመጣ ወደ አፈር ይመለሳል፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ያፈርሰዋል፣ መፍረሱም የሥራው አካል ነው አለችኝ። እኔ የሠራሁት ሲፈርስ ሰው ይከሰኛል እንጂ አያጨበጭብልኝም አልኳት። ኋላ ግን በመጨረሻው ቅዳሜ ከጎንደር እንግዶች እንደሚመጡና የአንዱን ሰው ሥራ ወደው አዲስ መናፈሻ ውስጥ ሐውልት እንዲሠራ እንደሚመርጡት ስትነግረኝ እመጣለሁ አልኳት። ባለበጉ መባል የሚቀርልኝ በዚያ ነበር። ሻንጣዬን አሰናዳሁ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከሻንጣው ጋር ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ወሰድኩ። ልማድ ነው፣ እረኛ ያለ ዱላ ይወጣል እንዴ?

ጭቃውን ያስተማሩን እትየ ውዴ የሚባሉ የሰፈሩ ሴት ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእህል ማስቀመጫ ጎታ ሲሠሩ የኖሩ። አፈሩን ከጭድና ከእበት ጋር በእግር ይረግጡታል፣ ሸፍነው ሳምንት ያህል ያከርሙታል፣ ከዚያ ስንዝር ያህል ብቻ ያቆሙና እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፣ በማግሥቱ ሌላ ስንዝር። ቸኩለህ ከጫንከው ይናዳል፣ ጭቃ ሲደክመው ታውቃለህ አሉኝ። እኔ ደግሞ ያሰብኩት ከእኔ የምትረዝም፣ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት ነው፣ ውስጧ እንደ ጎታ ባዶ፣ እጆቿ ወደ ታች የተዘረጉ። በቀን ስንዝር እየጨመርኩ ለቅዳሜ ልደርስ? ደረቷ ላይ ስደርስ ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ስለዚህ ሌሎቹ ምሳ ሊበሉ ሲገቡ ጠብቄ ሲሚንቶዬን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁና ከጭቃው ጋር ለወስኩት። እግሮቿንና ወገቧን በእሱ ደፈንኩ፣ አንገቷንም በእሱ አቆምኩ። እበቱ ቀለሙን ስለሚሸፍነው ማንም አላወቀም። ቀጥ አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ልጠግናት ስሄድ ከውስጧ የማኘክ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ ቆሎ የያዘ ሰው ዓይነት። አይጥ ነው አልኩ። እግሯ ሥር ግን አንድ ጣሳ የሚሆን ግራጫ ዱቄት ተቆልሏል። በጣቴ አነሳሁና ቀመስኩት፣ ሙያ ነው፣ አትሳቁ። ሲሚንቶ ነበር። ደረቅ ሲሚንቶ! እንግዲህ ይህን ሥራ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፣ ሲሚንቶ አንዴ ውሃ ከነካው ድንጋይ ይሆናል እንጂ ተመልሶ ዱቄት አይሆንም፣ ከእንጀራ ጤፍ እንደማይወጣ ሁሉ። በዚያ ላይ ጉሙ የሰው ልብስ በሚያርስበት አገር።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ዱቄቱን ሰብስቤ፣ እንደገና አቡክቼ፣ መልሼ ለጠፍኩባት። እልህ ያዘኝ። በነጋታው ሁለት ጣሳ ሆኖ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሳላውቅ የሚፈስብኝ ነገር ካለ ብዬ አልጋዬ ሥር ያለውን ማዳበሪያ ላየው ሳብ ባደርገው አልነቃነቅ አለኝ፣ ግማሽ በግማሽ የጨረስኩት ማዳበሪያ ከጎንደር ይዤው እንደመጣሁት ሞልቷል። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከአርቲስቶቹ አንዱ እየቀለደብኝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፣ ግን ማን ነው ከጭቃ ውስጥ ሲሚንቶ ለቅሞ የሚያወጣ?

ያን ዕለት እትየ ውዴ ባጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉና እሷን ገና ራስ እስካልወጣለት አንገቷ ድረስ ተመለከቷት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ምነው የማይስማማትን ታበላታለህ?" አሉኝ። ምን ማለትዎ ነው ስላቸው መንገዳቸውን ቀጥለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚህ በኋላ ሲሚንቶ አልጨመርኩባትም፣ ፈርቼ አይደለም፣ ጊዜ ስላልነበረኝ ነው፣ እሺ፣ ፈርቼም ነው። በእሳቸው ጭቃ ራሷን ሠርቼ ዓርብ ጨረስኳት። ቆማ ነው የተውኳት። ይህንን አስምሩበት፣ ቆማ።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ፊቷን በውሃ ላለሰልሳት ጆግ ይዤ ወጣሁ። ጉሙ የገዛ ጫማዬን አያሳየኝም። ጥቂት እንደተራመድኩ ከፊቴ ጭድ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ከባድ ነገር መሬት ላይ አረፈ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ሲቀመጥ የሚያሰማትን ያቺን "እፎይ" ሰማሁ። እትየ ውዴ ቀድመውኝ መጥተው ድንጋዩ ላይ አረፍ አሉ ብዬ "እንደምን አደሩ እትየ ውዴ" አልኩ።

"እግዜር ይመስገን፣ እንደምን አደርክ?" አሉኝ ከኋላዬ። ዞር ስል ከመንገዱ ገና ወደ ግቢው እየገቡ ነው።

ጉሙ ሲገለጥ ተቀምጣለች። እግሯን ሰብስባ፣ እኔ ወደ ታች የዘረጋኋቸውን እጆች ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ። አንድ ስንጥቅ የላትም። ጆጉ ከእጄ ወደቀ። እትየ ውዴ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው "ሸጋ ናት፣ ደክሟት ነው" ብለው ምንም እንዳልተፈጠረ አለፉ። ሰላም መጥታ መቼ ቀየርካት ስትለኝ ትናንት ማታ አልኳት፣ ምን ልበላት?

እንግዶቹ መጡ። ሌሎቹን ሥራዎች በጨዋ ደንብ እያዩ አለፉ፣ እሷ ጋ ሲደርሱ ግን ከበቧት። መነጽር ያደረጉ አንድ ሽማግሌ በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው ንጹሕ ጭቃ ነው አሉ፣ አንዲት ወይዘሮ ደግሞ እናቴን መሰለችኝ ብላ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ሽማግሌው ማን አግዞህ ነው ሲሉ ጠየቁኝ። እትየ ውዴ ከአጥሩ ጥግ ቆመው ያዩኛል። እናገራለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ያ በግ ትዝ አለኝ።

"ማንም አላገዘኝም፣ የኔ ናት" አልኩ።

"ብቻህን?"

"ብቻዬን። ከእግሯ እስከ ራሷ የኔ ናት።"

ተጨበጨበ። ተመረጥኩ። እትየ ውዴን ዞሬ ብፈልጋቸው ሄደዋል፣ አፈርኩ፣ ግን ደስታዬ ከእፍረቴ በልጦ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ጎንደር ስመለስ ባለበጉ የሚለኝ ሰው ጠፋ፣ ያ የሚኒባስ ረዳት ሳይቀር ጋሼ ብሎ ከፊት ያስቀምጠኝ ጀመር።

ክረምቱ ገባ። ሰላም ሐውልቷ ስትፈርስ ፎቶ እንፈልጋለን እያለች ስትነዘንዘኝ ለእትየ ውዴ ደወልኩ፣ በዚያውም ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ አወራንና ፈረሰች ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አልፈረሰችም። የለችም።"

ጭቃዋስ አልኳቸው። ጭቃም የለ፣ የተቀመጠችበት ሣር ብቻ ተኝቷል አሉኝ። ከዚያ በጣም በረጋ ድምፅ "ምነው፣ እስካሁን አንተ ዘንድ አልደረሰችም?" አሉ።

"ለምን እኔ ዘንድ?"

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የኔ ናት ብለህ መስክረህ የለ? ታዲያ ክረምት ሲመጣባት ወዴት ትሂድ?"

ስቄ ዘጋሁት። ከዳባት አዘዞ በመኪና እንኳ ስንት ሰዓት ነው፣ ደግሞ እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ጭቃ ደረጃ አይወጣም፣ ይህንን ለራሴ በየቀኑ እነግረዋለሁ። ትናንት ከሥራ ስገባ የምድር ቤቷ ጎረቤቴ መጥረጊያ ይዛ ጠበቀችኝና በየጠዋቱ ደረጃው ላይ ጭድ የሚያራግፈው ማነው ብላ ተቆጣችኝ፣ ባለፈው ሳምንት ከታች ብቻ ነበር አለች። አሁንስ እስከ ስንተኛ ፎቅ ደርሷል አልኳት። እስከ ሦስተኛ አለችኝ።