ከእናት ብቻ የሚወረስ

ሩፈይዳ ጣሪቅን ያወቀችው አሰንዳቦ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ለጥናቷ ከስኳር ሕመምተኞች ደም ስትወስድ ነው። ጅማ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። እሱም እዚያው ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ያለው አናጺ ነው፤ የዚያን ዕለት እናቱን ወይዘሮ ዙቤይዳን ደግፎ አመጣ። ስኳር አለባቸው፤ ጆሯቸውም መስማት ካቆመ ቆይቷል።

«ከደሙ ምንድን ነው የሚፈለገው?» ሲል ጠየቃት።

«ሴላችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጭ ማይቶኮንድሪያ የሚባል ነገር አለ። ፔፕታይድ የምንላቸውን ጥቃቅን ፕሮቲኖችም ይሠራል። ሰውነት ስኳርን በደንብ እንዲጠቀም የሚያግዙ ይመስላል። በሕመምተኞች ላይ ቀንሰው እንደሆነ ነው የማየው።»

«መድኃኒት ይሆናሉ?»

«ገና ነው። ኢንሻአላህ።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሩፈይዳ ዓይኗን መስበር ነበረባት፤ ዘገየች።

የእናቱን ውጤት ለመጠየቅ እያለ ትምህርት ቤቷ ይመላለስባት ጀመር። ውጤቱ መጥቶ የእናቱ ስኳርም ሆነ የጆሯቸው መድከም ከማይቶኮንድሪያ ዘረ መል ጉድለት መሆኑ ከታወቀ በኋላም አልቀረም። ከሥራ ስትወጣ አወቱ ወንዝ ዳር ይዟት ይሄዳል።

«ደከመኝ እኮ» ስትለው፣

«እንቅስቃሴ ፔፕታይዱን ይጨምራል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» ይላታል።

ከዚያ ድንገት ጠፋ። ስልክም አላነሳ አለ። ሩፈይዳ ልቧ አላስችል ሲላት በቾ ቦሬ ሄደች። ጀርባውን ሰጥቶ እንጨት ያለሰልሳል። ጠራችው፤ ዝም። ደግማ ጠራችው። ትከሻውን ስትነካው ደንግጦ ዞረ።

«ጆሮዬ መስማት እያቆመ ነው» አላት አንገቱን ደፍቶ። «እንደ እማዬ። ነገ ልጅ ብወልድ፣ ይሄንን ላወርሰው ነው? ተዪኝ፣ ሩፊ።»

«ለዚህ ነው የጠፋኸው? ማይቶኮንድሪያ እኮ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው! ልጆቻችን የሚወስዱት የእኔን ነው። ያንተ አንተ ጋ ያበቃል።»

ጣሪቅ መላጊያውን አስቀመጠ።

«እኔስ? ስኳሩም ቢመጣብኝ?»

«ሊመጣ ይችላል፤ አልዋሽህም። ጥናቴ ያድንሃል ብዬም ቃል አልገባልህም። እየተመረመርክ፣ እየተጠነቀቅን እንኖራለን። ደግሞ እኔ የወደድኩህ ጆሮህን ብዬ ነው እንዴ?»

ፊቱ ቀስ በቀስ ፈካ። «ቆይ፣ ‹ልጆቻችን› ነው ያልሽው?»

ሩፈይዳ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። «እንዲህ እንዲህ ያለውን ስትሰማ ጆሮህ ደህና ነው!»

ከረመዳን በኋላ ኒካህ ታሰረ። ወይዘሮ ዙቤይዳ ከሴቶቹ ጋር በሩ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ፊት ብቻ ያያሉ። ከሚባለው አንድም ቃል አልሰሙም። ሼኹ ሳይጨርሱ ግን፣ ከሁሉም ቀድመው እልልታቸውን አቀለጡት።