በሦስተኛው ፎቅ መስኮት የተከደነችው አበባ

ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡልኝ፣ ልጆቼ። ይቺን ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ።

ስዊድን፣ ጎተንበርግ። በሚሄደው ትራም ውስጥ አለቃዋ ሲክስተን ከሰላይዋ ከኢልቫ አጠገብ ቆመ። በእጇ የያዘችውን ፖስታ ተቀበላት፤ በምስጢር ስሟም ጠራት።

«ድንቢጥ፣ ምስክሯ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አበባ ዛሬ ተከድናለች። ምስክሯ ምግብ እያበሰለች ነው መሰል።»

ፎቁን አልነገረችውም ነበር።

ለማንም አልተናገረችም። ምስክሯ ጉንቮር ነገ ፍርድ ቤት ቀርባ የመሣሪያ ነጋዴዎችን ታጋልጣለች። ኢልቫ የደበቀቻት ራሷ «ማይ» በሚል የሐሰት ስም በረዳትነት በምትሠራበት ሕንፃ ነው፤ በሽማግሌው መብራት ሠሪ በአልጎት ቤት አናት ላይ።

አልጎት ለጎረቤት ሁሉ የወረቀት አበባ መብራት ሰጥቷል። ቤቱ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲፈጅ ትከደናለች፤ ሲቆጥብ ትፈካለች። አትጮህም፣ አትቆጣም። ለጠረጴዛ ነበር ያሰባት። ግን በዚህ አገር መብራት መስኮት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ መጋረጃም አይዘጋም። ጉንቮርም እንደ ሰዉ አደረገች። የቤቷን ነገር መንገደኛው ሁሉ አነበበው።

ሲክስተን ለነጋዴዎቹ እንደሚሠራ የገባት ኢልቫ ወደ ጉንቮር ቤት ሮጠች። የኤሌክትሪክ ምድጃውን አበራች። አበባዋ እንደተከደነች ትቆያለች፤ ከውጭ ለሚያይ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል። ፖሊስ ጠራች። ጉንቮርን በጓሮ ደረጃ ይዛ ወረደች።

አልጎት በሩ ላይ ቆሟል።

«ማይ! ምን ያጣድፍሻል? ሐሙስ አይደል? የሐሙስ ልማዳችንን የአተር ሾርባ ሠርቻለሁ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ሾርባህ ጨው የለውም። ግባና በርህን ቆልፍ!»

«ያንቺ ምላስ እያለ ጨው ምን ያደርጋል?»

ሳቀ። እውነተኛ ስሟን ልትነግረው አፏ ላይ ደረሰ።

ዋጠችው።

ጉንቮርን ለፖሊስ አስረክባ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ፤ ወደ ሕንፃው የሄዱት ፖሊሶች ነበሩ።

«ሲክስተን ደረጃው ላይ ተይዟል። ሽጉጡ በእጁ ነበር።»

«ሽማግሌውስ?»

«አልደረስንለትም።»

አልጎት ቆሻሻ ሊጥል መንገድ ዳር ወጥቶ ቀና ቢል አበባዋ አልፈካ ብላለች። «ጎረቤቴ ምድጃ ረስታ ወጣች» ብሎ አዘነላት። መለዋወጫ ቁልፍ ነበረው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ምድጃውን አጠፋ። ሲክስተን ከኋላ ያየው ጀርባ ብቻ ነው፤ ጉንቮር መስሎት ተኮሰ።

ኢልቫ ስትደርስ ጫማዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አበባዋ ወለል ብላ ፈክታለች።

ጉንቮር መሰከረች። ነጋዴዎቹ ታሰሩ። በቀብሩ ቀን ኢልቫ ከመንገዱ ማዶ ቆመች፤ «ማይ» የምትባል ሰው በዓለም ላይ የለችምና ማን ሆና ታልቅስ? በሚቀጥለው ባቡር በሌላ ስም ሄደች።

ስሙን በአፏ እንድትጠራ አይፈቀድላትም፣ ልጆቼ። እባካችሁ እናንተ አስታውሱላት። አልጎት ይባል ነበር።